ነጠላ ጫማ

አንድ ሰው ጎደለ።
ሞፊዝ ወገቡን ይዞት ከአልጋ አልወርድ አለ።
ካፒቴኑ ኢምቲያዝ ግራ ቀኝ ቃኘና
ከአሮጌ ጎማ ክምር ላይ እኔን አገኘና፣
«ሐበሺ! ተነሣ፣ ዛሬ አንተ ትገባለህ፣
ሩጫ እንደሁ መቼም ከእናትህ ሆድ ታውቃለህ።»
ምን ብዬ ላስረዳው?
እኔ የማውቀው ሩጫ ሌሊት ነው፣ ያለ ጭብጨባ፣
ጫፉ ላይ ክር የለው፣ የሰው አጥር እንጂ ተዘሎ የሚገባ።

ከተማዋ ሰላላ።
በእኛ አፍ ሰላላ ማለት ቀጭን ድምፅ ነው፣ ከሩቅ የሚጣራ፣
ወይ ይደርሳል ወይ መንገድ ይቀራል፣ እንደ መንገደኛ አደራ።
ሜዳችን ከሙዙ እርሻ ጀርባ፣ ግመል የሚሻገረው፣
መሐሉ ሲሚንቶ፣ ዳር ዳሩን አሸዋ የቀበረው።
ግመሎቹ ሲመጡ ክሪኬቱ ይቆማል፤
ዳኛው አሽረፍ፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ ሰዓቱን ያያል።
ግመል ሕግ አይገባውም።
እኔም አይገባኝም፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ከዳር ተቀምጬ
ያመለጠች ኳስ ሳመጣ ሮጬ፣
አንድ ሰው ሲወጣ ለምን እንደሚተቃቀፉ አልጠየቅኩም።
ኳሷ የምትጠቀለልበትን ጥቁር ፕላስተር
ከጎማ ቤት የምሰርቀው እኔ ነኝ። ኢምቲያዝም አይጠይቅም።

ድንበሩ ነጠላ ጫማ ነው።
ሁሉም ያወለቀውን ይደረድራል፣
የሻጂ ሰማያዊ፣ የቢላል በሽቦ የተጠገነ፤
ከዚያ ወዲያ ያለፈ ውጭ ሆነ።
የእኔም ጫማ ዛሬ ከነሱ እኩል ተሰለፈች፣
ስንቱን ድንበር ጥሳ፣ ድንበር ሆና አረፈች።

«እዚያ ቁም!» አሉኝ። ቆምኩ።
አምስት ሰዓት ሆነ ኳስ ወደ እኔ ሳትመጣ፣
ላቤ ጀርባዬ ላይ ደርቆ ጨው ሲያወጣ።
በኡርዱ፣ በማላያላም፣ በተሰበረ አረብኛ ይሰዳደባሉ፤
እኔን ግን ማንም አይሰድበኝ፣
እንደ እንግዳ ዝም ይሉኛል፣ ያልፉኛል።

ተጋጣሚዎቹ የራይሱት ሲሚንቶ ልጆች ናቸው፤
አንድ ኳስ ቀራቸው፣ አምስት ነጥብ ጎደላቸው።
ረጅሙ ናዋዝ መሬቱን በዱላው ነካ ነካ አረጋት፣
ሻጂ ወረወራት፣
መታት።
ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ቆየች፣ ቆየች፣
ከዚያ ሌላ ዘመድ እንደሌላት ሁሉ ወደ እኔ ወረደች።
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣
ወደ ኋላ፣

ያዝኳት።
መዳፌ ነደደ። ኢምቲያዝ ኮፍያውን ወረወረ፣
ሻጂ ተንበረከከ፣ ቢላል እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ በረረ።
እኔ ግን ተረከዜ ሥር ለስላሳ ነገር ይሰማኛል፤
የገዛ ጫማዬ።

ማንም አላየ። አሽረፍ መነጽሩን በሸሚዙ እየጠረገ
አንገቱን አሰገገ፦
«እንዴት ነው?»
ባሕሩን የተሻገርኩ ለት ጨረቃ አልነበረም፣
ድንበሩ የቱ ጋ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፣
«አለፍክ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም የለም።
ዛሬ ተጠየቅኩ።
ቋንቋው የለኝ። ግን ስድስት ሲሆን አሽረፍ
ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደሚያነሣ አይቻለሁ።
ምልክቱን ከሌላ ቦታም አውቀዋለሁ፤
በባትሪ ብርሃን ፊት፣ በግንብ ጥግ፣ ሁለት ጊዜ አንሥቻለሁ።
ኳሷን ጣልኳትና
ሁለት እጄን አነሣሁ።

ራይሱቶች ጨፈሩ።
ኢምቲያዝ መጣ፣ አፍንጫዬ ሥር ቆሞ
በኡርዱ ሰደበኝ፤ እናቴን፣ አያቴን፣ የጫማዬን ቁጥር፤
ሻጂ በማላያላም ደገመው፣ ቢላል በእጁም ጭምር።
ዝም ብዬ ሰማሁ።
ሞፊዝ ኳስ ሲያመልጠው የሚሰደበውን፣ ያንኑ ነው የሰደቡኝ።

ከዚያ የጁምዓው አዛን መጣ ከሩቅ፣ ሰላላ።
ሁሉም ጫማውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ፤
የእኔን ግን ኢምቲያዝ በእግሩ ገፋት ወደ ኋላ፣
ሁለት ክንድ ያህል፣ ወደ አሸዋው።
«የሚመጣው አርብ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ፣
«እዚህ ጋ ነው የምታስቀምጣት።»